ተንበርክከው የሚለኩት ልብስ

«ተንበርከኩ!» አሉ ሚስ ኢምሪ።

የባንዱ ልጆች በሙሉ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ በአንድ መስመር ተንበረከኩ። ጣውላው ይቀዘቅዛል። ከባሕሩ የሚነሳው ንፋስ መስኮቶቹን ያንገጫግጫቸዋል።

«ጀርባ ቀጥ! ተረከዛችሁ ላይ አትቀመጡ። ጸሎት ላይ አይደለንም፤ ልክ ነው የምንለካው።»

ሚስ ኢምሪ በሌላው ቀን ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ግን የፖርት ኤሪስ ከተማን የወጣቶች ባግፓይፕ (ባለ አየር ከረጢት ዋሽንት) ባንድ ይመራሉ። ማስመሪያቸውን ይዘው ከመስመሩ ጫፍ ጀመሩ። የባንዱ ልጆች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ኪልት የሚባል ባለሽንሽን የሱፍ ጉርድ ነው የሚለብሱት። ሰው ተንበርክኮ ሲቆም የኪልቱ ግርጌ ወለሉን ሊነካ ሲል መቅረት አለበት። ከዚያ ካጠረ የሕፃን ቀሚስ፣ ከረዘመ ደግሞ የአሮጊት ጉርድ ይመስላል።

ስትሩዋን ጌዲስ የመጨረሻው ነበር። ወደ ታች ማየት አላስፈለገውም። ጨርቁ ጉልበቱ ዙሪያ ወለሉ ላይ መከመሩ ይሰማዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ሚስ ኢምሪ አጠገቡ ሲደርሱ።

«ኪልት ነው፣ ሚስ።»

«መጋረጃ ነው» አለች ከጎኑ የተንበረከከችው ከበሮ መቺዋ ግሪር፣ በሹክሹክታ። ግን አዳራሹ ሁሉ ሰማት። ሳቁ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

«ተነስ እስቲ።» ሚስ ኢምሪ የሹራቡን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። «ዳሌህ ላይ ነው ያሰርከው! ጂንስ መሰለህ እንዴ? ኪልት የሚታሰረው እምብርት ላይ ነው። ወደ ላይ ሳበው።»

ሳበው። ልክ እጁን ሲለቅ ኪልቱ ተንሸራቶ ወደ ዳሌው ተመለሰ። ጠፍሮቹ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ናቸው፤ ያም ሆኖ በወገቡና በጨርቁ መካከል ሁለት ጭብጥ ይገባል።

«መርፌ ቁልፉንስ ምን አድርገኸዋል? ላይኛውንና ታችኛውን ጨርቅ አንድ ላይ ወግተኸው! ፊቱ የተኮማተረው ለዚህ ነው። መርፌው ላይኛውን ብቻ ነው የሚይዘው።»

«እንዳይወልቅብኝ ብዬ ነው፣ ሚስ።»

እንደገና ተሳቀ። ሚስ ኢምሪ ግን አልሳቁም። የጨርቁን ጫፍ በጣታቸው ያዝ አድርገው አዩት። አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ እንደ ባንዱ ኪልት ሁሉ ቀጭን ቢጫ መስመር ያቋርጠዋል። የዚህኛው ሱፍ ግን ዛሬ ከሚሸጠው ይከብዳል።

«የራናልድ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስትሩዋን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ራናልድ አባቱ ነው። በዚሁ ባንድ ውስጥ ባግፓይፕ ሲነፋ ነው ያደገው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው።

«ጥሩ ኪልት ነው» አሉ ሚስ ኢምሪ። «ግን ቅዳሜ በውድድሩ ሜዳ ላይ ዳኞቹ ለአለባበስም ነጥብ ይሰጣሉ። አንድ ግርጌ ከመስመር ከወጣ እንደ ወለቀ ጥርስ ከሩቅ ይታያል። ቁምሳጥኑ ውስጥ ልክህ የሆነ ትርፍ ኪልት አለ። እሱን ልበስ።»

«እናቴ እያስተካከለችው ነው» አለ ስትሩዋን። ቃሉ ሳያስበው ነው የወጣው።

ሚስ ኢምሪ ጨርቁን ለቀቁት። «እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ትንበረከካለህ» አሉ። «ከሰልፉ በፊት። ልክ ካልሆነ የቁምሳጥኑን ትለብሳለህ፤ ክርክር የለም።»

*

«ውሸታም!» አለች ግሪር ወደ ቤት ሲሄዱ። ወደብ ዳር በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ድንች ገዝተው በሆምጣጤ አርሰውት እየበሉ ነው። «እናትህ ኪልቱን ማውጣትህንም አታውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ለእሷ ደግሞ የቁምሳጥኑን ነው የምለብሰው ብለሃታል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ሁለት ውሸት ለአንድ ጉርድ። አቤት ወንድነት!» አንድ ድንች ወደ አፏ ወረወረች። «አቦ፣ የቁምሳጥኑን ልበስና ተገላገል።»

«ያንን ሰናፍጭ የፈሰሰበትን? የረጠበ ውሻ ነው የሚሸተው።»

ግሪር የሰናፍጩ ነገር እንዳልሆነ ታውቃለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎረቤቱ ናት። የራናልድ ኪልት በእናቱ አልጋ ግርጌ ያለው ሳጥን ውስጥ ከሌሎቹ ልብሶች ጋር ተቀምጦ እንደኖረ፣ እናቱም ሳጥኑን ከቀብሩ ሳምንት ወዲህ እንዳልከፈተችው ታውቃለች። የስትሩዋን እናት ኢሽቤል የውድድሩ ቀን በመጣ ቁጥር መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ተረኛ እንደምትሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማንም ስለዚህ አያወራም።

«ጨርቁ ደጅ እንዲወጣ ነው የምፈልገው» አለ ስትሩዋን በመጨረሻ፣ ባሕሩን እያየ። «ሌላ ምንም አይደለም።»

ግሪር የተረፈውን ድንች ለባሕር ወፎቹ በተነችላቸው። «ነገ ከትምህርት በኋላ እናንተ ቤት» አለች። «መቀስና ክር ይዤ እመጣለሁ። ምንድን ነው እሱ? ዘለበት ማንሳት ብቻ አይደል?»

*

ዘለበት ማንሳት ብቻ አልነበረም።

በማግሥቱ ኪልቱን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ስትሩዋን በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለት ዘለበቶች ክር ተርትሮ አነሳቸው። ግሪር ምላሷን በጥርሷ ይዛ ወደ ኋላ ፈቀቅ አድርጋ ሰፋቻቸው። ለበሰው። ወገቡ ጠበቀ፤ እምብርቱ ላይም ቆመ። ሁለቱም እጃቸውን አጋጩ።

ከዚያ መስተዋት ፊት ቆመ።

ከፊት መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መውረድ የሚገባው ቢጫ መስመር ወደ ቀኝ ዳሌው ሸሽቷል። ግርጌው በአንድ በኩል ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ሆኗል። ከኋላ ደግሞ ሽንሽኑ እንደ ተጣመመ መሰላል ነው።

«ስትራመድ ወደ ጎን የምትሄድ ነው የምትመስለው» አለች ግሪር። «እንደ ሸርጣን።»

«በቀኝ ብቻ ስለጠበበ ነው። በግራም እኩል መነሳት ነበረበት።»

«እሺ፣ ያንን እናስተካክላለን። ርዝመቱስ?»

ርዝመቱ ገና አራት ጣት ይተርፋል። ግሪር መቀሱን አነሳች። «ትርፉን ቆርጠን ግርጌውን መዘምዘም ነው። የእኔን የትምህርት ቤት ጉርድ እንደዚያ ነው ያሳጠርነው። ማን ያየዋል?»

ስትሩዋን ኪልቱን አውልቆ ገልብጦ ዘረጋው። መቀሱን ከእጇ ተቀበለ። ከቆረጠ ቅዳሜ ይሰለፋል። ካልቆረጠ ደግሞ ውሻ የሚሸተውን ለብሶ ይሰለፋል፤ የአባቱ ኪልትም ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ታችኛውን የፊት ጨርቅ ያዘና የመቀሱን አፍ ከፈተ።

ያኔ ነው ያየው። በውስጥ በኩል፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ፣ የመርፌ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ደቃቅ ናቸው፤ ብርሃን ካልመታቸው አይታዩም። ከነሱ በታች ያለው አረንጓዴ ከላይኛው ይጠቁራል፤ ዓመታት ከፀሐይ ተደብቆ የኖረ ይመስላል። ስትሩዋን ቀዳዳዎቹን በጣቱ ተከተለ። ከፊት ተነስተው በእያንዳንዱ ሽንሽን ውስጥ እያለፉ ዙሪያውን ይዞራሉ።

መቀሱን አስቀመጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ታጥፎ ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቶ ነበር። አልተቆረጠም። ኋላ ነው የፈቱት።»

ግሪር ጎንበስ ብላ አየች። «ለማን?»

ገና ሳይመልስላት ደጁ ላይ የእናቱ ብስክሌት ሲቆም ሰሙ።

«ወይኔ! ቶሎ በል፣ ደብቀው!» ግሪር ክሮቹን መሰብሰብ ጀመረች። «ወደ ሳጥኑ! ሩጥ!»

ስትሩዋን ግን አልተነሳም። ኪልቱን በእጁ ደልድሎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተወው።

*

ኢሽቤል በሩን ከፍታ ገባች። ጠረጴዛውን አየች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ልሂድ መሰለኝ» አለች ግሪር።

«ብስኩት አለ፣ ውሰጂ» አለች ኢሽቤል ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። ግሪር ብስኩቱን ሳትወስድ ሹልክ ብላ ወጣች።

ኢሽቤል ዘለበቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ዘለበቱን ማን ተረተረው?»

«እኔ ነኝ። ለሚስ ኢምሪ አንቺ እያስተካከልሽው ነው አልኳቸው። ለአንቺ ደግሞ… የቁምሳጥኑን ነው የምለብሰው ያልኩሽ ውሸት ነው፣ እማ። ሰኞ ዕለት ከሳጥኑ አወጣሁት።»

ኢሽቤል ዘለበቱ በነበረበት ቦታ ላይ የቀረውን ቁራጭ ክር በጥፍሯ ይዛ ሳበችው።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ» አለች። «አንተ በተወለድክ ዓመት። አባትህ ሌሊት ሌሊት አንተን አቅፎ እየዞረ ብስኩት ይበላ ነበር፤ ወገቡ አልገባ አለው። ዘለበቱን ወደ ፊት አመጣሁለት። ተመልከት፣ እንዴት አጣምሜ እንደሰፋሁት። ‹ሰው ሲጠይቀኝ ንፋስ ነው ያጣመመው እላለሁ› አለኝ።»

ስትሩዋን ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። «ይኼንንስ አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብሎ ግርጌውን ገልብጦ የቀዳዳዎቹን መስመር አሳያት።

ጎንበስ አለች። ከመስኮቱ ወደሚገባው ብርሃን አስጠግታ አየችው። የሰኔ ማታ ነው፤ ፀሐይዋ ለመጥለቅ አትቸኩልም።

«አላየሁትም» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሳውቀው ትልቅ ሰው ነበር።»

ከዚያ በድንገት ኪልቱን ገልብጣ ዘለበቶቹ የነበሩበትን ቦታ መረመረች። እሷ ከሰፋችበት ወደ ኋላ፣ ወደ ሽንሽኑ በኩል፣ ሌሎች የቆዩ ቀዳዳዎች አሉ። በግራም በቀኝም፣ እኩል።

«ባንድ ሲገባ ነው ወላጆቹ ያሰፉለት» አለች። «በአንተ ዕድሜ። ለልጅ የሚሰፋ ኪልት አይቆረጥም፤ አስረዝመው ያጥፉታል፣ ሲያድግ ይፈታል።» እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ልኩ እዚሁ ላይ ነበር። ይኼን ሁሉ ጊዜ።»

ካፖርቷን አወለቀች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«የመርፌ ሣጥኔን አምጣልኝ» አለች። «ነጭ ክርም። በመጀመሪያ ግን ግሪር የሰፋችውን እንተርትረው። ይቺ ልጅ ከበሮ ብትመታ ይሻላታል።»

በዚያ ምሽትና በማግሥቱ ማታ አብረው ሠሩ። ግርጌውን በድሮው መስመር ላይ አጠፉት። ሽንሽኑ እንዳይንቀሳቀስ በነጭ ክር ወሰወሱት። እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በካውያ ሲጫኑት ወጥ ቤቱ የሱፍ እንፋሎት ሸተተ። ስትሩዋን የግራውን ዘለበት ሰፋ፤ እናቱ የቀኞቹን። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቱን ወጋው። «ደምህ አረንጓዴው ላይ ካልታየ ችግር የለውም» አለች።

ግርጌውን ለዘለቄታው ከመስፋታቸው በፊት «ተንበርከክ» አለችው።

ለብሶ ተንበረከከ። ኢሽቤል በሆዷ ልትተኛ ምንም ሳይቀራት ጉንጯን ወደ ወለሉ አስጠግታ አየች።

«አጠረ» አለች።

«እንዴት ያጥራል? በድሮው መስመር ላይ አይደል ያጠፍነው?»

«ነው። ግማሽ ጣት አጠረ።» ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «አባትህ በአንተ ዕድሜ እንዲህ አልነበረም ማለት ነው። ትረዝመዋለህ።»

ሻይ ልታፈላ ሄደች። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆመች። ስትመለስ አዲሱን መስመር በጠመኔ ከድሮው ዝቅ አድርጋ አሰመረችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሜዳው ላይ የግንድ ውርወራ ተወዳዳሪዎቹ እጃቸውን ያፍታታሉ። ከድንኳኖቹ ጀርባ ሌሎች ባንዶች ባግፓይፓቸውን እየቃኙ አካባቢውን በጩኸት ሞልተውታል። በአዳራሹ ውስጥ ሚስ ኢምሪ ማስመሪያቸውን ይዘው ቆሙ።

«ስትሩዋን ጌዲስ። ተንበርከክ።»

ተንበረከከ። ሚስ ኢምሪ ማስመሪያውን በግርጌውና በወለሉ መካከል አሳለፉት። ዞረው ከኋላ አዩት። ዞረው ከፊት አዩት። ቢጫው መስመር ከመሐል ንቅንቅ አላለም።

«ተነስ። ተራመድ። ዙር።»

ተራመደ፣ ዞረ።

«ማስመሪያዬን ማስቀመጥ እችላለሁ» አሉ ሚስ ኢምሪ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ለእናትህ ምን እንደምላት አላውቅም» አሉት።

«ግራውን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ሚስ።»

«አየሁት» አሉ። «ትንሽ ይጣመማል። አይታይም።»

ሜዳው ዳር ለሰልፍ ሲቆሙ ግሪር ከኋላው «ዝም ብለህ ቁም!» ብላ ጮኸች። ኪልቱ በኋላ በኩል ሲያዝ ተሰማው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነጭ ክር! አንዱን ውስወሳ ረስታችሁታል፣ ፋራ! ሽንሽንህ ታስሮ ልትሰለፍ ነበር።» ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና ምዝዝ አድርጋ አወጣችው። «ሸርጣኑን አዳንኩት። ውለታዬን እንዳትረሳ።»

ከበሮዎቹ ጮሁ። ባግፓይፖቹ በአንድ ትንፋሽ ተነሱ። የፖርት ኤሪስ ባንድ ወደ ሜዳው ገባ።

መጀመሪያ ስትሩዋን የሚሰማው ከበሮው ብቻ ነበር። ቀጥሎ እግሩን ሲያነሳ የኪልቱ ክብደት ተሰማው። የታጠፈው ግርጌ ከኋላው ሽንሽኑን ይዞ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ ከበሮውን ሳይቀድም፣ ሳይዘገይም። እንዴት መራመድ እንዳለበት ማንም አልነገረውም፤ ሰውነቱ ራሱ አወቀው። ጀርባው ቀና። ጣቶቹ የባግፓይፑን ቀዳዳዎች ያለ ሐሳብ አገኟቸው።

ሜዳው መሐል ሲደርሱ ንፋሱ ከባሕሩ በኩል መጣ። ባርኔጣዎች በረሩ፤ የድንኳን ገመድ ተወጠረ። ከፊቱ የሚሄዱት ልጆች ኪልት እየተገለበ ተርገበገበ፤ አንዱ በክርኑ ሊይዘው ሞክሮ ዜማ ሳተ። የስትሩዋን ኪልት ግን ትንሽ ከፍ አለና በራሱ ክብደት ወደ ቦታው ወረደ። ያ ሁሉ አራት ጣት የታጠፈ ሱፍ ይዞታል። ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ነገር ግን የሚነፋ ሰው አይስቅም።

ሲዞሩ ሜዳውን በከበበው ገመድ ዳር እናቱን አያት። የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗ ከዝናብ ካፖርቷ ስር ይታያል። አላጨበጨበችም፣ እጇንም አላውለበለበችም። ዓይኗ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ኪልቱ ላይ ነበር፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። በሁለት እጇ ገመዱን ይዛለች። አጠገቧ የቆሙት ሽማግሌ አንድ ነገር ሲሏት ስትሩዋን ከንፈሯን አየ፤ «የእኔ ልጅ ነው» አለቻቸው።

በሙዚቃው የፖርት ኤሪስ ባንድ ሦስተኛ ወጣ። በአለባበስና በሰልፍ ግን አንደኛ ሆነ። ስሙ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ ግሪር ከበሮዋን ከነአንገት ማንጠልጠያው ወደ ሰማይ አነሳችው። ሚስ ኢምሪ «ከበሮው የትምህርት ቤቱ ነው!» እያሉ ጮኹ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን እየዘለሉ ነበር። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስትሩዋን ጋ ደረሰ። ከፍ አድርጎ አነሳው፤ ገመዱ ዳር ካለው ሰው ሁሉ ይልቅ ለአንዲቱ እንዲታያት።

*

ቤት ሲገቡ ማታ ሆኖ ነበር፤ ሰማዩ ግን ገና ብሩህ ነው። ስትሩዋን ኪልቱን አውልቆ ሽንሽኑን በእጁ እያስተካከለ መስቀያው ላይ ቆነጠጠው። እናቱ ከመኝታ ቤቷ ጠራችው። ሳጥኑን ከፍታ ቦታ እያበጀችለት ነው።

«እዚህ ልመልሰው?» አለች።

ስትሩዋን በሩ ላይ ቆሞ ሳጥኑን አየ። እናቱንም አየ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰና ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ከእሷ የዝናብ ካፖርትና ከእሱ የትምህርት ቤት ጃኬት መካከል፣ ባዶ በነበረው መስቀያ ላይ ሰቀለው።

ኢሽቤል መጥታ ከኋላው ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ጠጋ ብላ የግርጌውን አንድ ጥግ በጣቷ ቀጥ አደረገች።

«በጸደይ ይፈታል» አለች። «እንዲህ ከቀጠልክ።»

ስትሩዋን ወጥ ቤት ገባ። የመርፌ ሣጥኑን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሊመልሰው አንስቶ ነበር። ሐሳቡን ቀየረ። ግርጌውን የሰፉበትን አረንጓዴ ክር በመርፌው ላይ እንዳለ ትቶ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጠው።